ለልጅ እጅ የተዘረጋ ሣር

ሊቺን ወደ እኛ ያመጣቻት ዘመድ አይደለችም። ባለሱቋ ጀናት ናት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ «የዘመድ ነገር በዘመድ ይያዛል» የሚል ብዙ ሰው ስለመጣብኝ ነው። ዘመድማ ነበራት። የፈራችው ወደ ዘመድ ቤት መግባት ነበር።

ልጅቷ ዳሪሙ ከሚባል ገጠር የመጣች ናት። አባቷ ኩመራ ሲሞት እናቷ ገለኔ «ከተማ ትማር» ብላ መቱ ለሚኖረው ለአባቷ ታላቅ ወንድም ለአቶ ወንድይራድ ሰጠቻት። በእኛ አገር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ገጠር ያለ ወላጅ ልጁን ከተማ ላለ ዘመድ ይሰጣል፤ ልጁ ይማራል፣ በምላሹ ውሃ ይቀዳል፣ ዕቃ ያጥባል፣ ሕፃን ያዝላል። ግማሹ የመቱና የጎሬ ሠራተኛ የተማረው እንዲህ ነው። ደግ ዘመድ የገጠመው ሲያመሰግን ይኖራል፤ ያልገጠመው ደግሞ አፉን ይዞ ይኖራል፤ ያጎረሰን እጅ መክሰስ ነውር ነውና።

የጀናት ሱቅ ከወንድይራድ ቤት ፊት ለፊት ነው። ሊቺ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤት አትገባም። ቦርሳዋን ታቅፋ ሱቁ ደረጃ ላይ ትቀመጥና የወንድይራድ ሚስት ከገበያ እስክትመጣ ትጠብቃለች። ዝናብ ሲጥልም እዚያው ናት። አንድ ቀን ጀናት «ለምን አትገቢም?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ ነገረቻት። ጀናት ሱቋን ዘጋች፣ ባጃጅ ጠራች፣ ልጅቷን ይዛ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ወዳለው ማዕከላችን መጣች። ባሏን አላማከረችም፤ ጎረቤትም አልጠራችም።

«ከእንግዲህ ነገረኛ ይሉኛል» አለችኝ ልጅቷን ሐኪሟ እያየቻት ሳለ። «ይበሉ። ስኳር የሚገዙት ግን ከእኔው ነው።»

ማዕከላችን ትንሽ ነው። ሐኪም፣ ፖሊስ፣ ዓቃቤ ሕግ፣ እና የማኅበራዊ ድጋፍ ሠራተኛዋ እኔ ኡርጂ፣ ሁላችንም በአንድ ኮሪደር ላይ ነን። እንዲህ የተደረገው ልጅ የደረሰባትን አንድ ጊዜ ብቻ እንድትናገር ነው። ድሮ ለቀበሌው ትናገራለች፣ ለፖሊሱ ትናገራለች፣ ለሐኪሙ ትናገራለች፣ ለዳኛው ትናገራለች። በየበሩ ሲጠይቋት ይደክማትና በመጨረሻ «ምንም አልሆንኩም» ትላለች። ያኔ ሁሉም «አላልንም?» ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል።

ወንድይራድ ጥፋተኛ ነው አልልም። እሱን የሚለው ፍርድ ቤት ነው። ፖሊስ ጠይቆት በዋስ ተለቋል፤ ከልጅቷ ዘንድ እንዳይደርስ ታዟል። ነገር ግን አንዲት ልጅ ቤት መግባት ከፈራች፣ እሷን ለማስጠለል የማንንም ፍርድ አልጠብቅም። ይህ የማይገባው ሰው በጣም ብዙ ነው፤ ከነሱም ውስጥ ዲግሪውን በፍሬም ሰቅሎ የሚቀመጠው ይበዛል። «ከተሳሳታችሁስ?» ይሉኛል። ከተሳሳትን አንዲት ልጅ ጥቂት ቀን ፍርሃት በሌለበት አልጋ ላይ ተኛች። እናንተ ብትሳሳቱስ?

ገለኔ በማግስቱ ደረሰች። ከመንደሯ እስከ መኪና መንገዱ በእግሯ፣ ከዚያ ቡና በጫነ መኪና ላይ ተሳፍራ ነው የመጣችው። ወሩ ኅዳር ነው፤ ቡናዋ ቀልቷል። ጥፍሯ ሥር የእሸት ቡና ልጣጭ አልወጣም ነበር።

«ልጄ በልታለች?» አለችኝ ከሰላምታ በፊት።

«በልታለች።»

«ምን?»

«ሩዝ።»

«ሩዝ አትወድም» አለችና ያን ጊዜ ብቻ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

ጀናት የነገረችንን ሁሉ ነገርኳት። አላለቀሰችም። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝና ቀና ብላ «ማን ነው ያመናት?» አለችኝ።

«ሁላችንም ሰምተናል፣ እትዬ ገለኔ።»

«መስማት መች ጠየቅኩሽ?»

«እኔ አምናታለሁ» አልኩ። የሥራው ደንብ እንዲህ እንድል አይፈልግ ይሆናል። አልኩ።

ዓቃቤ ሕጓ ኢብሴ ለሌላ ጉዳይ ጎሬ ሄዳ ነበር። ስትመለስ ሊቺን ልታነጋግራት ቀጠሮ ተይዟል፤ እስከዚያ እናትና ልጅ ከኮሪደሩ ጫፍ ባለችው ማረፊያ ክፍል ይቆያሉ። ለገለኔ ያልሸሸግኳት አንድ ነገር ነበር። ልጅ የእናቷን ፊት አይታ ነው የምትናገረው። እናቷ ካመነታች ሊቺ አፏን አትከፍትም፤ ነገሩ እዚያው ይሞታል፤ ልጅቷም ዛሬ ባይሆን ነገ ወደዚያ ቤት ትመለሳለች። ይህን እኔ ብቻ አይደለሁም የማውቀው። የወንድይራድ ሰዎችም ያውቁታል።

ስለዚህ ከኢብሴ ቀድመው ደረሱ።

ጠዋት ግቢያችን ውስጥ አንድ ሚኒባስ ቆመ። አራት ሽማግሌዎች ወረዱ። ከፊት ኦቦ ጅራታ ነበሩ፤ ገለኔ ስትዳር የመረቋት፣ ኩመራ ሲቀበር አፈር የመለሱ፣ በመንደሯ ቃላቸው የማይታለፍ ሰው። በቀኝ እጃቸው እርጥብ ሣር ይዘዋል።

ለማያውቅ ልንገር። በዚያ መንደር ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከመጣ ልመናው የእሱ ብቻ አይደለም፤ የምድሩም ነው ይባላል። ሣር የያዘ ሽማግሌን «አልታረቅም» ብሎ የመለሰ ሰው የዘራው አይበቅልለትም፣ የጠራው ሰው አይመጣለትም። ሣሩን ከእጁ ከተቀበሉ ደግሞ ነገሩ አለቀ፤ ከዚያ ወዲያ ያንን ነገር የሚያነሳ ባለጌ ነው። እኔ በሽማግሌ የምቀልድ ሰው አይደለሁም። በዚህ ሣር የቆመ ደም አውቃለሁ፤ ሊተላለቁ የነበሩ ወንድማማቾች በዚህ ሣር ታርቀው አብረው ሲያርሱ አይቻለሁ። የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ደም ለማቆም የተሰጠን ነገር፣ የአንዲት ልጅ አፍ ለመድፈን ይዘውት መጡ።

ገለኔ ከክፍሏ ወጥታ ባየቻቸው ጊዜ መጀመሪያ ያደረገችው ሁለት እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ማስገባት ነበር። ከውስጥ አንዱን በሌላው ጭምቅ አድርጋ ያዘችው። እጅ እንደለመደው ሳያስበው እንዳይዘረጋ ነው።

«ገለኔ፣ እንዴት አደርሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን አባቴ። እናንተስ እንዴት አደራችሁ?»

«እኛማ አልነጋልንም። የሟች ቤት እየፈረሰ እንዴት ይነጋልናል?»

«የሟች ቤት እኔ ነኝ» አለች ገለኔ። «አልፈረስኩም።»

ኦቦ ጅራታ ሣሩን ከፍ አደረጉት። «ወንድይራድ የኩመራ ደም ነው። ለዚህች ልጅ አባቷ ማለት ነው። አጥፍቶ ከሆነ ይክሳል፤ አላጠፋም ከሆነ ይምላል። ልጅቷን ይዘሽ ወደ አገርሽ ግቢ፣ ክሱ ይነሳ። ገመና ሆስፒታል ግቢ አይሰጣም።»

«በማን መኪና ነው የመጣችሁት?» አልኩ እኔ።

አራቱም ወደ ሚኒባሱ ዞረው አዩ። ሾፌሩ መስታወቱን ወደ ላይ ዘጋ። የወንድይራድ ሚኒባስ መሆኑን መቱ ውስጥ የማያውቅ የለም።

«መኪና መኪና ነው» አሉ ኦቦ ጅራታ። «ለመሆኑ አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»

«የጎሬ ልጅ ነኝ።»

«ጎሬ ላይ ሽማግሌ ሲናገር ልጅ ይገባል?»

«ጎሬ ላይ ሽማግሌ በተከሳሽ መኪና አይመጣም። በእግሩ ነው የሚመጣው።»

ከኋላ የቆሙት ኦቦ በዳሳ ሳል ያዛቸው። ሳል መሆኑን እንጃ። እኔ ግን ተቀጣጥዬ ነበር። አፍራችሁ አታውቁም ወይ፣ የልጅ ልጅ የላችሁም ወይ፣ ይህን ሣር ከየት ነው ያጨዳችሁት ስል ድምፄ ከፍ ብሎ ታካሚዎች ሁሉ ከመስኮት ያዩን ጀመር።

«ኡርጂ፣ እህቴ፣ ቁጭ በይ» አለችኝ ገለኔ በቀስታ። «ከጮኽሽ ነገሩ የአንቺ ብልግና ይሆናል። እሱን ነው የሚፈልጉት።»

ቁጭ አልኩ። ትክክል ነበረች።

ኦቦ ጅራታ አሁን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ የልባቸውን ሲናገሩ እንዲህ ናቸው መሰለኝ። «ልጄ፣ ቡናሽን መንገድ ላይ አየሁት። ቀልቷል። ብቻሽን ነሽ። ማን ይለቅምልሻል? ደቦ የሚጠራው እኮ ሰው ያለው ሰው ነው። ሣር መልሰሽ ብትጠሪ ማን ይመጣል?»

ለአንዲት ባሏ ለሞተባት ገበሬ ደቦ ማለት ምን እንደሆነ ከተማ ሆኖ መናገር ቀላል ነው። ቡና ሲቀላ አይጠብቅም። ጎረቤት ሁሉ ተጠራርቶ ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ይለቅማል፤ ያልተለቀመው መሬት ላይ ይረግፋል፣ የዓመት ጨውና ልብስ አብሮት ይረግፋል። የገለኔ እጆች ነጠላዋ ሥር ሲንቀሳቀሱ አየሁ። ሊወጡ ነው ብዬ ፈራሁ።

በዚህ መሃል የመጫወቻ ክፍሉ በር ተከፈተና ሊቺ ወጣች። ስትስል ቆይታ ጣቶቿ ላይ ቀለም ነበር። የኦቦ ጅራታን ድምፅ ሰምታ ነው። የመንደሯ ሰው ናቸው፤ አባቷ ከሞተ ወዲህ ከእርሻ ሲመለሱ ሸንኮራ እየሰበሩ የሚሰጧት አያት ናቸው። እናቷ ልትይዛት ስትል አልፋ ሮጠች።

«ኢንተሎ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ጉንጮቿን ሳሙ። ከዚያ እንኪ አላሉም፣ ተቀበይ አላሉም። ሣሩን ብቻ ወደ እሷ ዘረጉት።

ሊቺ በሥርዓት ያደገች ልጅ ናት። ትልቅ ሰው ሲሰጥ በሁለት እጅ ተቀበይ፣ ጎንበስ በይ ተብላ ነው ያደገችው። በሁለት እጇ ተቀበለች። ጎንበስ አለች።

«በቃ» አሉ ኦቦ ጅራታ። «የነገሩ ባለቤት ተቀበለች። አለቀ።» ወዲያው መዳፋቸውን ወደ ላይ አንስተው በኦሮምኛ መመረቅ ጀመሩ። «ነጋ ኑፍ ሃ ኬኑ፤ ሰላም ይስጠን።»

«ሃ ኬኑ፣ ይስጠን» አሉ ሌሎቹ ሁለቱ። ኦቦ በዳሳ አላሉም።

እኔ ከወንበሬ ተነስቼ ነበር፤ ምን ላደርግ እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ገለኔ ቀደመችኝ። እጆቿን ከነጠላዋ አወጣች።

«አባቴ፣ ምርቃቱ ይቆይልኝ። አንድ ነገር ልጠይቅ።»

«ጠይቂ ልጄ። አሁንማ ሰላም ነው።»

«ከዳሪሙ ስነሳ ደጄ ድረስ መጥታችሁ ምን አላችሁኝ? ልጅ ናት፣ የልጅ ቃል አይያዝም፣ ልጅ በሕልሟ ያየችውን ታወራለች አላችሁኝ። ብላችኋል?»

«ብለናል።»

«አፏን አላመናችሁትም። እጇን አመናችሁት?»

መስኮት ላይ ከነበሩት ሴቶች አንዷ «እሰይ» ስትል ሰማሁ።

«ሣሩ እኮ እጇ ገብቷል» አሉ ኦቦ ጅራታ። «የገባ ነገር ገብቷል።»

«ለልጅ ሣር የሚዘረጋው የት አገር ነው? እኔም እዚያው ነው የተወለድኩት፤ አንድ ቀን አይቼ አላውቅም። ልጅ አትምልም፣ ልጅ አትክስም፣ ልጅ አታስታርቅም። ይህን ያስተማራችሁን እናንተ ናችሁ።» ወደ ኋላ ዞረች። «ኦቦ በዳሳ፣ ውሸቴን ነው?»

ኦቦ በዳሳ በትራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ጅራታ፣ ምን አደረግህ?» አሉ። «ለልጅ አይዘረጋም።»

«አንተ ዝም በል።»

«ዝም ብዬ አይደል የመጣሁት? ዝም ብዬ አይደል መኪናው ላይ የወጣሁት?»

«እንግዲህ» አለች ገለኔ፣ «እኔ ሣር አልመለስኩም። አልተቀበልኩምም። ከእጅዎ ያወጡት እርስዎ ነዎት፣ ያውም ለማይሰጠው ሰው። አሁን እጅዎ ባዶ ነው። ባዶ እጁን የመጣ እንግዳ ነው፤ እንግዳን ደግሞ ደህና ግባ ብለን እንሸኛለን።»

ሽማግሌው እጃቸውን አዩት። አዲስ ሣር አጭደው መምጣትም የማይሆን ነበር፤ በአንድ ነገር ሁለቴ ሣር አይያዝም። የሚያስፈራው ነገር ሁሉ ከሣሩ ጋር ከእጃቸው ወጥቶ፣ በሰው መኪና የመጡ አንድ ሽማግሌ ብቻ ሆነው ቀሩ።

ሊቺ ግራ ገብቷት እናቷን አየቻት። «እማዬ፣ ይህን ምን ላድርገው?»

«ጣይው።»

«ልጣለው?»

«ጣይው። ሣር እኮ ነው።»

ሊቺ ጣለችው። ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎች በድንጋጤ አማተቡ። ኦቦ ጅራታ ሚኒባሱ በር ላይ ደርሰው ዞረው «ቡናሽን እናየዋለን» አሉ።

«እዩት» አለች ገለኔ። «ከመንገድ ይታያል።»

ኢብሴ በቀጠሮው ቀን መጣች። ሊቺ እናቷን አየቻት፤ ገለኔ «የሆነውን ንገሪያት፣ የረሳሽውን ረሳሁ በይ» አለቻት። በሩ ተዘጋ። ሊቺ አንድ ጊዜ ተናገረች። ምን እንዳለች አልጽፍም። የሷ ነው።

ከዚያ በኋላ ምድር ፈገግ አለች ብል ውሸታም ነኝ። ገለኔ ደቦ ጠራች፤ የመጣ የለም። ወደ እኛ ተደብቀው እየመጡ «ጀግና ናት» ያሉት ሴቶች አልመጡም። ኦቦ በዳሳም አልመጡም፣ ልጆቻቸውንም አልላኩም፤ አንድ እውነት የተናገሩበትን ድፍረት እዚያው ግቢያችን ጥለውት የሄዱ ይመስለኛል። ጀናት ሊቺን እያዋለችላት ገለኔ ከእህቷ ጋር የቻሉትን ለቀሙ። አንድ እሑድ እኔም ሄጄ ነበር። እሸቱንም ቅጠሉንም አብሬ ስገነጥል አይታ «አንቺ ተይው፣ ዛፉ ከጦጣ ተርፎ በቢሮ ሠራተኛ እንዳያልቅ» አለችኝ። ሦስታችንም ሳቅን። የቀረው ረገፈ። ብዙ ነበር የረገፈው።

የተለቀመውን ሸጣ መቱ ከወንድይራድ ቤት ራቅ ብላ አንዲት ክፍል ተከራየች። ከእንግዲህ ልጅዋን ራሷ ልታሳድግ ነው። ክሱ ፍርድ ቤት ገብቷል፤ ወንድይራድም በዋስ እንዳለ ሱቁን ከፍቶ ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል። ሊቺ ወደ እኔ ትመጣለች፤ አንዳንድ ቀን እናወራለን፣ አንዳንድ ቀን ትስላለች፣ አንዳንድ ቀን ዝም ብላ ትሄዳለች። ወደ ትምህርት ቤት የምትመለስበት ጊዜ ሲደርስ ግን አንድ ነገር አሰብኩ። ዋናው መንገድ በወንድይራድ ሱቅ ፊት ያልፋል። ስለዚህ በታችኛው፣ በወንዙ በኩል ባለው የእግር መንገድ ትሂድ አልኩ።

«ለምን?» አለች ገለኔ።

«እንዳታየው ነው። ለሷ ብዬ ነው።»

«እንዳይደርስ የታዘዘው እሱ ነው ወይስ እሷ?»

«እሱ ነው።»

«ታዲያ መንገድ የምትቀይረው እሷ ለምንድን ነው? በጓሮ የሚሄድ እኮ የሰረቀ ሰው ነው።»

ለስንት ቤተሰብ ይህንኑ የታችኛውን መንገድ መክሬ ነበር። ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን ለመናገር ጊዜ ወሰደብኝ። «እሷን እንጠይቃት» አልኩ።

ሊቺ ደብተሯን እየሸፈነች ነበር። «እሱ ይኖራል?» አለች።

«ሊኖር ይችላል» አልኳት።

«እናንተስ?»

«አለን።»

ደብተሯን አስቀመጠች። «በላይኛው እንሂድ። የታችኛው ጭቃ ነው፤ ጫማዬ ይበላሻል።»

በማግስቱ ጠዋት ወጣን። እናቷ በቀኝ፣ እኔ በግራ፤ ጀናት ሱቋን ዘግታ ከኋላችን መጣች፣ ማንም ሳይጠራት። የመንገዱ ሰው ወሬውን አቁሞ ያየናል። ወንድይራድ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆርቆሮ እየደረደረ ነበር። ሊቺ እጄን ጨመቀችው። ሰው እንዲህ ሲሆን እርምጃውን ያፈጥናል፤ ገለኔ ቀነሰች። ቀነሰችና ቆመች። ፊት ለፊት አየችው፤ ዋጋ እየሰማች ያልጣማት ገበያተኛ እንደምታይ አየችው። የያዘውን ቆርቆሮ የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋው። ይዞት ወደ ውስጥ ገባ።

ገለኔ አሁንም በሩን እያየች ቆማለች።

«እማዬ፣ እንሂድ» አለች ሊቺ እጇን እየጎተተች። «ደወል ሊደወል ነው።»